አከራዩ ሲወድቅ

«እሺ፣ ምን አሉ?» አለ አባቷ። እሱ የሚተውንበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም መዝጊያ ሙዚቃ ገና አላለቀም ነበር።

ልጅቷ ስልኩን ወደ ፊቷ ጠጋ አደረገችው። አባቷ ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ጉልበቱ ላይ ሙቅ ውሃ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ጣል አድርጎ፣ ውጤት እንደሚነገረው ተማሪ አፍ አፏን ያያል። ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው የተመልካች አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «ይሄ ሰውዬ ከመውደቅ ሌላ ሥራ የለውም እንዴ? ሰለቸን!»

«‹አከራዩ ዛሬም ሲወድቅ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ› ይላል» ብላ አነበበች።

«አላልኳችሁም!» አባቷ በደስታ ጭኑን ሊመታ እጁን ሰነዘረና ጉልበቱን ነካው፤ ፊቱ ጭምድድ አለ። «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ።»

ሁለተኛው «ደራሲው እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው እንዴ የሚጽፈው?» የሚል ነበር። እሷ ግን «ቤተሰብ ሙሉ ተሰብስበን ነው የምናየው፤ በርቱ» አለችው። ሦስተኛው እውነተኛ ምስጋና ነበር፤ አንዲት እናት ልጆቼ በጣም ይወዱታል ብላለች። ይህንን እንደተጻፈው አነበበችለት። እውነት ስታነብ ድምጿ ራሱ ይለያል፤ ይህን ግን ከእሷ በቀር ማንም ልብ አይልም።

እናቷ ጥግ ላይ ካለው የስፌት ማሽን ቀና አለች። «ለመሆኑ ውደቅ ውደቅ የሚሉህ ሰዎች ወዳጆችህ ናቸው ወይስ ጠላቶችህ?»

«ተመልካች ነዋ! ተመልካች ንጉሥ ነው።»

«እንግዲያው ንጉሡ መጥቶ ፎጣህን ይንከርልህ» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ሲትኮሙ እሁድ እሁድ ማታ የሚተላለፍ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ተከራዮች የሚያወራ ነው። አባቷ ኪራይ ሊጠይቅ ከፎቅ ወርዶ የሚመጣውን አከራይ ሆኖ ይተውናል። ይህን ሚና ከያዘ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ስሙን ረስቶት «አከራዩ» እያለ ነው የሚጠራው። ራሱ የሚኖረው በኪራይ ነው። እውነተኛዋ አከራያቸው እንኳ ጠዋት በር ላይ ስታገኘው «አከራዩ፣ እንዴት አደርክ?» ትለውና በራሷ ቀልድ እየሳቀች ትገባለች።

ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ትንንሽ ፊደል አይታየውም። ስክሪፕቱን ጮክ ብላ እያነበበች የምታስጠናው ልጁ ናት። አንድ ጊዜ ከሰማ ይበቃዋል፣ ቃል በቃል ይይዘዋል። ለዚህም ነው «ዓይኔ» የሚላት። ስሟን የሚጠራው ሲቆጣ ብቻ ነው፤ ተቆጥቷት ደግሞ ብዙም አያውቅም።

ውሸቱ የተጀመረው በርኅራኄ ነው። አምና አንድ ቀን ቀረጻ ላይ ደረጃው አዳልጦት በእውነት ወደቀ። አዘጋጆቹ ሳቁና ሳይቆርጡ አስተላለፉት። የዚያን እሁድ አስተያየቱ ሁሉ ክፉ ክፉው ነበር፤ አባቷ ደግሞ በዳይሬክተሩ ላይ ተቆጥቶ ፊቱ ጠቁሮ ነበር የዋለው። እሷ ምን ታድርግ? «ሲወድቅ በጣም አስቆኛል» የሚል አንድ ሰው ፈጠረችለት። አንድ ሰው ብቻ።

በማግስቱ አባቷ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄዶ «ተመልካች ወዶታል፣ እንድገመው» ብሎ ለመነ። ደገሙት። ከዚያ በኋላማ መውደቅ ሥራው ሆነ፦ ከደረጃ ላይ፣ ከወንበር ላይ፣ ባልዲ ውስጥ። እሷም የመጀመሪያውን ውሸት በሁለተኛው፣ ሁለተኛውን በሦስተኛው እየደገፈች መጣች። በየእሁዱ ፎጣውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክር ፊቱን ላለማየት ታቀረቅራለች። ያንን ጉልበት የመታው የስቱዲዮው ወለል ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ጉድ ፈልቶ ጠበቃት።

«እኔ ግን ይመቸኛል!» ትላለች አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሏት ጓደኛዋ። «ትናንት ባልዲው ውስጥ ሲገባ ሞትኩኝ በቃ! ሰው ደክሞት ውሎ ማታ የሚፈልገው መሳቅ ነው፤ ፍልስፍና አይደለም።»

«አንቺ ለማስታወቂያም ትስቂያለሽ» አለ ከኋላ የሚቀመጠው ባለመነጽሩ ልጅ። «ቀሽም ሆኗል። ሳቁን ራሱ ከኋላ ነው የሚጨምሩት። ሰው እምቢ ስላለ ማሽን ይስቅልናል።»

«አታካብድ! ታናሽ ወንድሜ ይሞትለታል።»

«ታናሽ ወንድምሽ አራት ዓመቱ ነው እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባለመነጽሩ ዞር ሲል የአከራዩን ልጅ በር ላይ ቆማ አያት። ጆሮው ቀላ።

«ሙድ መያዜ አይደለም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድሮ እኔና አያቴ ቴሌቪዥኑን የምንከፍተው ለአባትሽ ብለን ነበር። ተከራዩ ሰበቡን ሲደረድር አባትሽ ዝም ብሎ ያየው ነበር፣ ታስታውሻለሽ? ዝም! ከዚያ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ ‹እሺ፣ ነገ› ይላል። አያቴ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር። አሁን ሲወድቅ ግን አትስቅም። ‹ሰውዬው አሞት ይሆን?› ነው የምትለው።»

ልጅቷ ወደ መቀመጫዋ ሄደች። ቀኑን ሙሉ አስተማሪዎቹ የተናገሩት በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ስለ ዝምታው እንዲህ የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብባለች። የት እንደሆነ ግን ጠፋት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ስልኳን አውጥታ ወደ ኋላ፣ ወደ አምናው አስተያየት ሄደች። አገኘችው። አባቷ መጀመሪያ የወደቀበት ክፍል በተላለፈበት ማታ የተጻፈ ነበር። «የዛሬውን አልወደድኩትም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያኔ በዚህች መነሻው ከክፉዎቹ ጋር ቆጥራ፣ ቀሪውን በጥድፊያ ቃኝታ ነበር ያለፈችው። ቀጥሎ ያለው እንዲህ ይላል፦ «አከራዩ የሚያስቀን ሲወድቅ አይደለም፣ ዝም ሲል ነው። እባካችሁ ዝምታውን አትውሰዱብን።» ከሥሩ ብዙ ሰው «እውነት ነው» ብሏል። አንዱ ደግሞ «እኔማ ዝም የሚልባትን እየመለስኩ ነው የማያት» ብሎ ጽፏል።

ይህንን ያኔ አንብባለት ቢሆን! የምትወርድበት ፌርማታ አለፋትና ከሚቀጥለው በእግሯ ተመለሰች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቁር ጫማውን ይወለውላል። እናቷ የክት ኮቱን ትተኩሳለች።

«መጣሽ ዓይኔ? ዳይሬክተሩ ደውሎ ነበር። ነገ ይፈልጉኛል» አለ ከጫማው ላይ ቀና ሳይል። «አከራዩ ቤቱን ሸጦ ሄደ ተብሎ ሊጻፍ ነው። እኔ ሳልኖር፣ ከተከራዮቹ አንዱ እግረ መንገዱን ይናገረዋል። ያን ሁሉ ዘመን ሠርቼ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሊሸኙኝ!»

ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች።

«ግድ የለም። ተመልካቹ ከእኔ ጋር ነው። ነገ ከትምህርት ቤት እንደወጣሽ አብረን እንሄድና አስተያየቱን ታነቢላቸዋለሽ። ሁሉም ይስሙት።»

ፈተና አለኝ ልትል አሰበች። አሞኛል ማለትም ያስኬዳል። አባቷ ግን ብሩሹን አስቀምጦ ተነሳ፤ ጉልበቱን እንደምንም ቀጥ አደረገ።

«ብትቀሪም ችግር የለም። በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ስሚ።» ጉሮሮውን ጠራረገ። «‹አከራዩ ሲወድቅ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።› ‹እሱ የሌለበት እሁድ እሁድ አይመስለኝም።› ‹ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ ያሳቀኝ እሱ ነው።›»

አንዱንም አልሳተም። ሁሉም የእሷ ናቸው፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በየእሁዱ ከራሷ አውጥታ ያነበበችለት። ተዋናይ ነውና አሳምሮ ነው የሚላቸው፤ ስለ ሐዘኑ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ነገ እነዚያ ሰዎች ፊት እንዲሁ ቆሞ ይላቸዋል። ሰዎቹ ደግሞ አስተያየቱን በየሳምንቱ የሚያነቡ ናቸው። ፊቱን የሚያዩበት ዓይን ታያት። አንዱ ወደ ሌላው በዓይኑ ሲጠቅስ ታያት። እሱ ያንን እንኳ አያይም።

«አባዬ፣ ተቀመጥ» አለችው።

«ምነው?»

«ሐዘን ላይ ነበርኩ ያለ ሰው የለም። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ ያለም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።» ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «ያላነበብኩልህ አለ። ላንብብልህ?»

አባቷ ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ። እሷም ስለ ዝምታው የተጻፈውን ከ«አልወደድኩትም» ጀምራ አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ አነበበችለት። «አትውሰዱብን» የሚለው ላይ ስትደርስ የአባቷ ፊት ፈካ።

«ዝም ስል?» አለ ቀስ ብሎ። «ዝም ስል ነው የማስቃቸው? ይሄንንማ እችለዋለሁ እኮ! መውደቁ ይቅር እላቸዋለሁ፤ ነገውኑ...» ወደ እሷ ዞረ። «መቼ ነው የጻፈው?»

ዛሬ ብትለው ይተኛል። ዛሬ ብትለው ነገ ያንን ኮት ለብሶ በተስፋ ይገባል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከእስከዛሬዎቹ ሁሉ የሚቀለው ውሸት እሱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እሷ ግን ጩኸቷ መዘግየቱን እንኳ ልትደብቅ አልቻለችም።

«አምና» አለች። «መጀመሪያ የወደቅክ ጊዜ።»

አባቷ ዝም አለ። ዝም ብሎ አያት። ከዚያ ጣሪያውን አየ። እናቷ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። በጎዳናው ላይ አንድ መኪና አለፈ።

«ሌላስ?» አለ በመጨረሻ።

«አባዬ...»

«አንብቢ። እንዳለው።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አወረደችና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ ወደ ትናንቱ አስተያየት መለሰች።

«‹ይሄ ሰውዬ›» ብላ ጀመረች። ቆም አለችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። «‹ይሄ ሰውዬ ከመውደቅ ሌላ ሥራ የለውም እንዴ?›»