በታይኛ የተመረቁ ዕለት

ሳምራ ጣሂርን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው ከዊልቸር ጋር ተጣልቶ ነበር። ካምቤል ከተማ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ጎማው አልቆለፍ ብሎት በአማርኛ ይለማመጠዋል።

«አትለምነው፣ ፔዳሉን በእግርህ ተጫነው» አለችው ከኋላው።

ክው አለ። ከዚያ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ከደሴ በዲቪ ከመጣች ወዲህ ኑሮዋ ሳን ሆዜ ካለችው አንድ ክፍል ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደዚያችው ክፍል ነው። ስልኳ ከጮኸ ሱፐርቫይዘሯ ናት። ኤክስትራ ሺፍት ሲሏት እምቢ አትልም፤ ቤት ገብታስ ምን ልታደርግ? በኢድ እንኳ ሰግዳ ተመልሳ ብቻዋን የበላች ልጅ ናት። ጣሂር እማማ ማሊን ሐኪም ቤት ሊወስድ በሚመጣበት ቀን ግን መስታወት ፊት ቆማ ሻርፕ ስትቀያይር ታረፍዳለች። ለማን እንደሆነ ለራሷም አልነገረችም።

ሳምራ የምትንከባከባቸው እማማ ማሊ ታይላንዳዊት ናቸው፤ እንግሊዝኛው በእርጅና የጠፋባቸው። ሚያዝያ ሲገባ ሶንግክራን የሚሉት የአገራቸው አዲስ ዓመት ይመጣል። ያን ቀን ልጆች አበባ የተነሰነሰበት ውሃ በወላጆቻቸው መዳፍ ላይ እያፈሰሱ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ወላጅም ይመርቃል። ዘንድሮ ልጃቸው ከሲያትል ደውሎ «አልተመቸኝም» አለ። አሮጊቷ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልነኩም።

ሳምራ አላስቻላትም። ኦፍ ቀኗ ላይ ጣሂርን ኮል አደረገችና ኦክላንድ ወዳለው የታይላንዳውያን ቤተ እምነት ይዘዋቸው ሄዱ።

ገና ግቢው እንደገቡ የውሃ ሽጉጥ የያዙ ልጆች ጣሂርን ከእግር እስከ ራሱ አራሱት!

«ያ ጀሊሉ! ምን አጠፋሁ?»

ሳምራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጣ የሁለቱንም ጉንጭ ቀባች፤ ይህም የበዓሉ ወግ ነው።

ዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ፊት ልጅ አለ፤ በእማማ ማሊ ፊት ማንም የለም። ሳምራ ሄዳ ቁጢጥ አለችና ውሃውን በመዳፋቸው ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ጣሂርም ሳይጠሩት አጠገቧ ሆኖ አፈሰሰ። አሮጊቷ እያለቀሱ በታይኛ ይመርቁ ጀመር። ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው፤ ወሎዬ ደግሞ ምርቃት ሰምቶ ዝም አይልም።

«አሚን!» አለ ጣሂር።

«አሚን» አለች ሳምራ።

እሳቸው ቀጠሉ፤ እነሱም ምኑንም ሳያውቁት እየተቀበሉ አሳረጉ። ዱቄት የቀባቻቸው ሴትዮ ሳቋን ታግላ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላቸው።

«ባልና ሚስት መስላችኋቸው ነው። ‹በአንድ ቤት አርጁ፣ ልጆቻችሁ አይራቋችሁ› ነው ያሉት።»

ጣሂር ደነገጠ። «ኖ፣ ኖ! እኔ ሹፌር ብቻ ነኝ። ምኗም አይደለሁም!»

ምኗም... ሳምራ ጉንጯን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። እስከ ካምቤል ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሹፌር መጣ። በሚቀጥለውም። እማማ ማሊ በእጃቸው እንደ ሹፌር መሪ እያዞሩ «ያ ልጅ የታለ?» በሚል ዐይን ያዩዋታል። ምን ትበላቸው? ስልኳን አንስታ ቴክስት ትጽፍና ታጠፋዋለች። ያቺ ክፍል ድሮም ጠባብ ነበረች፤ አሁን ጭራሽ አላስተነፍስ አለቻት። አንድ ቀን ሥራ ስትጨርስ ጨከነችና ደወለች።

«ጣሂር፣ የሥራ ሩትህን ያስቀየርከው በኔ ምክንያት ነው?»

«...አዎ።»

«እሺ። ላውቅ ብዬ ነው። ቻው።»

«ቆይ፣ ሃንጋፕ እንዳታደርጊ! እንደዛ ያልኩት ያላገባሽ ልጅ ነሽ፣ ስምሽን ሰው እንዳያነሳው ፈርቼ ነው። ከዚያ ፊትሽ ሲጨልም አየሁ። ከኔ ጋር ስላጋቡሽ የተናደድሽ መሰለኝ።»

«የተናደድኩትስ ባንተ ነው! ሴትዮዋ ስትተረጉም ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬን ሳልጨርሰው ነጠቅከኝ።»

 የጣሂር ድምፅ ተሰበረ።

«ሳምራ... በወጉ ልጠይቅሽ ስመኝ ነው የከረምኩት። ግን እዚህ አገር ሽማግሌ የምልከው ሰው የለኝም። አንድም ሰው፣ ወላሂ።»

ብቸኝነት የሷ ብቻ ይመስላት ነበር። እንባዋ መጣ።

«እኔም እኮ ሽማግሌ መጣ ቢሉኝ ተቀምጦ የሚያነጋግርልኝ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ራስህ ናዋ!»

«አሁን?»

«አሁን።»

ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ወጥታ የአረጋውያኑ ቤት በር ላይ ቆመች። አሜሪካ ከገባች ወዲህ ሰው ስትጠብቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።