የሞዴሉ ፈቃድ

«ኮፍያህን አውልቅና አሳያት» አለ የማይክ አጎት፣ ጎረቤታቸውን በያጁን በክንዱ እየጎተተ ወደ ሳሎን ሲያስገባው።

በያጁ ኮፍያውን አወለቀ። ጭንቅላቱ እንደ ታጠበ ሳህን ያብለጨልጫል። ሸሚዝ ስትተኩስ የነበረችው የማይክ እናት ካውያዋን አቁማ አየችው።

«አምሮብሃል» አለችው።

«ማማሩ ነው እኮ ችግሩ» አለ አጎቱ፣ ሶፋው ላይ ዘጭ ብሎ። «ለነገው ፈተና ሞዴሌ እሱ ነበር።»

አጎቱ የእናቱ ታናሽ ወንድም ነው። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ፀጉር ቤት ሠርቶ አሁን የራሱን ሊከፍት ነው። ጠባብ ክፍል ተከራይቷል፣ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት አስገብቷል፤ የቀረው ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የቆረጥከውን ፀጉር የት አየሁልህ ብሎ በጽሑፍም በተግባርም ይፈትናል። የጽሑፉን አልፏል። ለተግባሩ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ፀጉሩ ቢያንስ አራት ጣት የሚረዝም ሰው ይዞ መቅረብ አለበት። ይህ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ «ሞዴል» ይባላል። የነገው ካመለጠ የሚቀጥለው ፈተና ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ የክፍሏ ባለቤት ደግሞ ያን ያህል እንደማይጠብቁ ቁርጡን ነግረውታል።

ችግሩ አጎቱ ሲጨነቅ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ሁለት ሳምንት ሙሉ «እስቲ ልለማመድብህ» እያለ ያገኘውን ወንድ ሁሉ በነፃ ቆርጧል። ዘበኛውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ደብዳቤ ሊያደርስ የመጣውን ፖስተኛ ሳይቀር። ሰፈሩ ምልምል ወታደር የሰፈረበት መስሏል።

«ቆይ፣ ይሄንንስ ማን ቆረጠው?» አለች እናቱ።

አጎቱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እሱ ነዋ» አለ በያጁ። «ትናንት የፈተናውን ደንብ ይሸመድድ ነበር። ‹አንደኛ፣ ደንበኛውን በአክብሮት ማስቀመጥ› አለና አስቀመጠኝ። ‹ሁለተኛ፣ ፎጣ ማልበስ› አለና አለበሰኝ። ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ራሴን በረደኝ።»

«አንተስ ዝም ትለዋለህ?»

«እጁ ደስ ይላል እኮ፣ እትዬ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

ጥግ ላይ የሒሳብ ደብተሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ማይክ በሳቅ ሞተ። ከዚያ አንድ ነገር ታወቀው፦ ማንም ወደ እሱ አያይም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በሰፈሩ የተረፈውን ብቸኛ የወንድ ፀጉር ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

ይህ ፀጉር ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። ማይክ ድሮ ስሙ «ዲሽ» ነበር፤ በጆሮዎቹ ምክንያት። «ዲሽ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ዙር፣ ጨዋታው አልጠራ አለን» ይሉት ነበር የክፍሉ ልጆች። ስምንት ወር ከመቀስ ሸሽቶ አፍሮ ሲያሳድግ ጆሮዎቹ ጠፉ፤ ቀጭን አንገቱ ላይ የተቀመጠው ክብ ፀጉር ማይክሮፎን መሰለና ስሙም ተለወጠ። በዘጠነኛ ክፍል ዓለም፣ ከዲሽ ወደ ማይክ መዛወር የደረጃ እድገት ነው።

«ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ» አለ አጎቱ፣ የታጠፈ ቅጽ ከኪሱ አውጥቶ። «ሰው ባገኝም ዋጋ የለውም። ሞዴሉም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።»

«የምን ፈቃድ?»

«ይኸው፣ ‹የሞዴሉ ፈቃድ› ይላል። እኔ ለመቁረጥ ፈቃድ፣ እሱ ለመቆረጥ ፈቃድ። እሱን ደግሞ ማን ይፈትነዋል?»

«እንግዲያ እኔ ትናንት የተቆረጥኩት ያለ ፈቃድ ነው» አለ በያጁ። «እንዳልከሰስ ብቻ።»

ማይክ ተነስቶ ወረቀቱን ተቀበለ።

«አጎቴ፣ ይሄ ያ ፈቃድ አይደለም። ‹ፀጉሬ እንዲቆረጥ መፍቀዴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ› ነው የሚለው። ሰውየው ማንም ሳያስገድደው፣ ወዶ መምጣቱን ነው የሚጠይቁት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆነ ወላጅም ይፈርማል።»

የመጨረሻውን ጮክ ብሎ ማንበብ አልነበረበትም። 

አጎቱ ቅጹን ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አንተን አላልኩም» አለ። «የሚቀጥለው ዙር አለ አይደል? ስድስት ወር ምን አላት። እስከዚያ በሰው ቤት እሠራለሁ፣ ለምጄዋለሁ።» ፈገግ አለ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «ና ላስተካክልህ» ያላለው፣ ይልቁንም ረጃጅም ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ገዝቶ ያመጣለት ይኸው ሰው ነበር። «ና እስቲ» አለው በያጁን፣ «መንገድ ላይ ፀጉር እንፈልግ።»

ማይክ በመስኮት ተመለከታቸው። አጎቱ በአጠገቡ የሚያልፈውን ሁሉ አናት አናቱን ያያል። አንድ ባለ ጎፈሬ ጎረምሳ ሲያፈጡበት ጊዜ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ መንገድ ተሻገረ።

«እኔን አትየኝ» አለች እናቱ፣ ካውያዋን እየገፋች። «ቅጹ ላይ የእኔ ፊርማ ቦታ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ከአንተ በታች።»

«ጆሮዬስ?»

«ጆሮህ የአባትህ ነው። እኔ ወድጄው ነው ያገባሁት።»

«እሱ መልስ ለትምህርት ቤት አይሆንም፣ እማ።»

መስታወቱ ፊት ቆሞ ፀጉሩን በሁለት እጁ ወደ ኋላ ሰበሰበው። ጆሮዎቹ ብቅ አሉ። አላነሱም። ፊቱ ግን በስምንት ወር ውስጥ፣ ሳይነግረው፣ ትንሽ አድጎ ደርሶባቸዋል። ሰኞ አንዱ አፉን መክፈቱ አይቀርም። ማክሰኞም ይደግመዋል። እስከ ሐሙስ ድረስ ቆጠረና ተወው።

ፊርማ ኖሮት አያውቅም። የደብተሩ ጀርባ ላይ ሦስት ዓይነት ሞከረ፤ ሁለተኛውን ወደደው። ቅጹ ላይ ፈረመና እስክሪብቶውን ለእናቱ አቀበላት። ከዚያ መስኮቱን ከፈተ።

«አጎቴ፣ ሌላ ሰው መፈለጉን ተወው» አለ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?»