ላዲና ማንን ትፈልግ ነበር?

የሃያ አራት ዓመቷን ላዲና ቱዎርን ከበረዶው ናዳ ሥር ያገኛት ውሻ ነው። ደረቷ ላይ የታሰረው ጠቋሚ መሣሪያ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እየሠራ ነበር፤ ሆኖም ለፈላጊዎቹ ምንም ምልክት አልላከላቸውም። ኢንስፔክተር ኡርሲና ካፍሊሽ ተንበርክካ መሣሪያውን አየች፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ማንም እንዳይነካው» አለች።

በተራራው ማረፊያ አራት ሰዎች ይጠብቋት ነበር። ላዲናን ሥራ ያስለምድ የነበረው ዘንካታው የተራራ መሪ ክላው፣ ደንበኞቹ ሃነስና ሚስቱ ባርብላ፣ ከሸለቆው የወጡት የሟች አባት ጊዮን።

«ስንቴ ነገርኳት!» አለ ክላው ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ትናንት ሙሉ ቀን በረዶ ጥሏል፣ ቁልቁለቱ አይታመንም፣ በሸንተረሩ እንዙር አልኳት። ጆሮ የላትም! ብቻዋን ጥልቅ አለች።»

«ልጄ እንዲህ አልነበረችም» አሉ ጊዮን።

«አዲስ በረዶ ሰው ያሰክራል፣ ጋሽ ጊዮን።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ኡርሲና ይህን ስታይ ጥርሷን ነከሰች።

ሃነስን ለብቻው ጠራችው። «ናዳው ሲነሣ የት ነበሩ?»

«ላይ፣ ከባለቤቴ ጋር።»

«ክላው ደግሞ?»

«እሱም... እሱም አብሮን።»

«መጀመሪያ ሲናገሩ ረሱት።»

«እና ምን ይጠበስ? ለሷ ድፍረት እኔን ልትሰቅይኝ ነው?»

ባርብላ ደግሞ «ደክሞኛል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኡርሲና ወደ ቁልቁለቱ አናት ወጣች። ላዲና በረዶውን ለመፈተን የቆፈረችው ጉድጓድ እንዳለ ነው። ከሟች ኪስ የተገኘው ማስታወሻም በእጇ ነበር፦ «ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከአዲሱ በረዶ ሥር እንደ ስኳር የሚበተን ንብርብር አለ። በአካፋ አራት ጊዜ ስመታው ተንሸራተተ። አንወርድም።»

ከታች አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ጮኸ። «ኢንስፔክተር! ሦስት የበረዶ ሸርተቴ ምርኩዝ አወጣን። ሁለቱ የልጅቷ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ረጅም ጥቁር ነው።»

ስትመለስ በማረፊያው በር የተደገፉትን ምርኩዞች አየች። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ናቸው። የክላው ብቻ አንዱ ረጅም ጥቁር፣ ሌላው ከማረፊያው የተዋሰው አጭር አሮጌ።

አራቱንም ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ያለ ሁሉ ይህን መሣሪያ ያውቀዋል» ብላ ጀመረች። «በበረዶ ሸርተቴ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ‹ላክ› ላይ ያደርገዋል፤ ቢቀበር እንዲገኝ። ወደ ‹ፈልግ› የሚያዞረው የተቀበረ ሰው ሲፈልግ ብቻ ነው፤ ያኔ መላኩ ይቆማል። የላዲና ‹ፈልግ› ላይ ነበር። ስለዚህ እሷ ስትገባ ሌላ ሰው ቀድሞ ገብቶ ተቀብሯል። ‹አንወርድም› ብላ የጻፈች ልጅ ያን ቁልቁለት የረገጠችው ሰው ልታተርፍ ነው። ምርኩዙንስ እዚያ በረዶ ውስጥ የተወው ማነው? ክላው፣ ያንተን ጥንድ አምጣው!»

እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ትለው ነበር።

«ከሸንተረሩ ወድቆብኝ ነው» አለ ክላው።

«ውሸታም!» ባርብላ ብድግ አለች። «አንተም ውሸታም፣ እኛም ውሸታሞች! ሃነስ ክላውን ‹አረጀህ፣ ፈራህ› ሲለው ደሙ ፈላ። ላዲና ክንዱን ያዘችው፤ ገፍትሯት ወረደ። ናዳው ዋጠው። ፈልጋ አገኘችው፣ ቆፍራ አወጣችው። ገና ሳይቆሙ ከላይ የቀረው በረዶ ተናደ፤ እሱን ወደ ጎን ጣለው፣ እሷን ቀበራት።»

«ባርብላ፣ ዝም በይ!» አለ ሃነስ።

«አልልም! ‹ሙት አይከራከርም› ያልከን አንተ አይደለህም?»

ኡርሲና ወደ ክላው ዞረች። «ሕይወቷን ሰጠችህ፤ አንተ ስሟን ገደልክ። ያውም አባቷ ፊት!»

ጊዮን ቀስ ብለው ተነሡ። ሃነስ ክላውን ይመቱታል ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሽማግሌው ግን ክላው ፊት ቆመው ጠየቁ።

«ስታወጣህ ምን አለችህ?»

ክላው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘው።

«‹ተንፍስ› አለችኝ» አለ በመጨረሻ። «‹አይዞህ ጋሼ፣ ተንፍስ።›»