የቃሲም የፈረስ ቁጥር

ቃሲም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ካለው አፓርትመንቱ ባልኮኒ ወድቆ ሞተ። ፖሊሶቹ «የፈረስ ቁማር አክስሮት ራሱን ጣለ» ብለው ጉዳዩን ሊዘጉት ሲሉ፣ ሚስቱ ዙሀራ በማግስቱ የግል መርማሪውን ስለሺን አስጠራችው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ስለሺ ዘጠኙን ፎቅ በእግሩ ወጣ፤ ጉልበቱንም ሙያውንም እየረገመ።

«ጋሼ፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ግን ቃሲም ራሱን አይገድልም» አለችው ገና በሩን ስትከፍት። «ሰው ሁሉ ራሱን ገደለ እያለ ሊቀብረው ነው። እውነቱን ይፈልጉልኝ።»

«ቁማሩስ?»

«ወላሂ፣ አንድ ቀን ተወራርዶ አያውቅም! ሐራም ነው ይላል። እሱ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያወጣው፤ የሚወራረዱት ጓደኞቹ ጥጋቡና ተሻገር ናቸው።»

ቁጥሩ የፈረስ ፍጥነት መለኪያ ነው። የሮጠበት ሰዓት ብቻውን ያታልላል፤ ሜዳው ጭቃ ከሆነ ፈጣኑም ይዘገያል። ቃሲም ሰዓቱን ከሜዳው ሁኔታ ጋር እያመዛዘነ ለየፈረሱ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ሒሳቡን ለራሱ፣ ኃጢአቱን ለጓደኞቹ አካፍሎ መኖር የሚቻል መስሎት ነበር፣ ምስኪን።

ሁለቱ ጓደኛሞች እዚያው ቤት ለቅሶ ላይ ነበሩ። ስለሺ በመጀመሪያ ታክሲ ነጂውን ጥጋቡን ጠየቀው።

«ናይት ሺፍት አድሬ ተኝቼ ነበር። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ማን ያየኛል?»

ተሻገር ግን ተዘጋጅቶ ጠበቀው። «እኔ ፈረስ ሜዳ ነበርኩ፣ ጋሼ። እስከ መጨረሻው ውድድር አይቻለሁ።»

«ለመጨረሻው አሸናፊ በቃሲም አቆጣጠር ስንት ትሰጠዋለህ?»

«ሰባ ቢያገኝ ነው። ሰዓቱ ቀርፋፋ፣ ፈረሱም ደካማ።»

ስለሺ ኩሽና ገብቶ አንድ ስልክ ደወለ። ሲመለስ ሦስቱንም ሳሎን አስቀመጣቸው።

«ጥጋቡ ምስክር የለውም፤ የተኛ ሰው ከየት ያመጣል? ተሻገር፣ አንተ ግን ሜዳ አልነበርክም። ትናንት እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነበር። ከከተማው ማዶ ወዳለው ፈረስ ሜዳ ኮል አድርጌ ነበር፤ እዚያ ከቀትር በኋላ ዶፍ ወርዶ መሮጫው ጭቃ ሆኗል። በዚያ ጭቃ ያ ሰዓት ከዘጠና በላይ እንደሚያሰጥ ነገሩኝ። አሸናፊውንና ሰዓቱን ከሬዲዮ ሰማህ፤ ሜዳውን ግን በዚህ ሰፈር ፀሐይ ገመትከው። ቃሲም ያስተማረው ሰው ይህን አይስትም፤ ጭቃውን ካየ።»

ተሻገር ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። የደከመው ሰው መሰለ።

«ቃሲም ከእንግዲህ ቁጥር አላወጣም አለኝ» አለ። «አንተ ስትቆምር እኔም እየቆመርኩ ነው አለ። ሥራዬን ለቅቄ በሱ ቁጥር ነበር የምኖረው! ልለምነው መጣሁ፤ ተጨቃጨቅን፤ ገፋሁት። እንዲወድቅ ብዬ አልነበረም።»

ጥጋቡ እያለቀሰ ፖሊስ ለመጥራት ስልኩን አነሣ።

«አልዘለለም» አለች ዙሀራ።

«አልዘለለም» አላት ስለሺ።

ዙሀራ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ቁጥሩን ተው ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ዝም ብዬው ቢሆን ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር?»

ስለሺ ቀኑን ሙሉ እውነት ሲፈልግ ውሎ ደክሞታል።

«አንቺ ባትዪውም ይተወው ነበር» ብሎ ዋሻት።

አላመነችውም።