በመዳቡ ላይ የቀረ አሻራ

«ይኸውልሽ፣ አሁንም ከዚያችው ቦታ ነው የሚፈላው!» አለቻት ቀጮ ጓደኛዋን ኢንጂነሯን፣ አፍንጫዋን ውሃ ከሚፈላበት የመስታወት ቢከር ልታስነካ ምንም ሳይቀራት።

እውነቷን ነበር። ምድጃው ላይ ሁለት ቢከሮች ተጥደዋል፤ በእያንዳንዳቸው ሥር አንድ አንድ ክብ መዳብ ተኝቷል። አንዱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሻካራ ሆኗል፤ ሌላው እንደ መስታወት ለስልሷል። ሻካራው በጭረቶቹ ውስጥ አየር ስለሚይዝ ቶሎ አረፋ ያወጣል፣ ውሃውንም ቶሎ ያፈላል፤ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሊያሳዩ ያሰቡት ይህንኑ ነው። ለስላሳው መዘግየት ነበረበት። ግን ዳሩ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ጠቁሮ ቀርቷል፤ አረፋው ከዚያ እየተከታተለ ይወጣል።

«ፍቂውና እንገላገል። ነገ እኮ ነው ውድድሩ!» አለች ቀጮ።

ኢንጂነሯ የብርጭቆ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችው። «ኢንጂነሯ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ መዳቦቹንም ብረት በሚቀርጽበት ቶርኖ ቤቱ ውስጥ የቆረጠላት እሱ ነው። ያን ዕለት ለስላሳውን ያለ ጓንት ሲያቀብላት ጮኸችበት። «አባዬ! በእጅህ አትንካው አላልኩህም? አበላሸኸው እኮ!»

አባቷ ሳቀ። «በዚህ እጅ ነው ያሳደግኩሽ፤ ዛሬ ለመዳብ አነሰ?»

እሷ አልሳቀችም፤ አኩርፋ ወጣች። በማግስቱ አባቷ ማሽኑ አጠገብ እንደቆመ ልቡ ቀጥ አለ። ከሞተ ይኸው ሁለት ወር ሆነው። ይቅርታ ሳትጠይቀው መቅረቷ ይቆጫታል።

«እሺ፣ መፋቁ ከሰለቸሽ ለስላሳው ሰባት ደቂቃ ፈጀ ብለን እንጻፍ» አለች ቀጮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማን ያየናል?»

እሺ ብትል አሻራውም ሽልማቱም ይተርፉላት ነበር።

«የአባዬ ጣት ነው» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ቀጮ ክው አለች። «ውይ፣ በሞትኩት! አላወቅኩም እኮ።»

ኢንጂነሯ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ደብተሩን ሳበች። ሻካራው፦ አራት ደቂቃ። ለስላሳው፦ አራት ደቂቃ ተኩል። ከሥሩ ጨመረችበት፦ «ለስላሳው ላይ የእጅ አሻራ አለ። አረፋው የጀመረው ከእሱ ነው። አልተፋቀም።»

«በዚህ አናሸንፍም፤ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

ቀጮ ትንሽ አሰበችና እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን ከታች ጻፈች።

ኢንጂነሯ ለስላሳው ባለበት ቢከር ውስጥ ያለውን ውሃ በቀዝቃዛ ቀየረች። ምድጃውን አበራችና፣ ሰዓት መያዙን ትታ፣ አሻራውን እያየች ተቀመጠች።