ከከረጢቱ ውስጥ ያለቀሰው ድምፄ

ብታምኑም ባታምኑም ግድ የለኝም... ሆኗል። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በቀትር፣ ከኢንዶኔዥያዋ ሃልማሄራ ማዶ ባለች ሰው በማይኖርባት ደሴት ላይ።

እኔ ወፍ ሰብሳቢ ነኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ፣ እያበላሸሁ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ዛሬ ለሙዚየም የምልከው ወፍ አንድ ላባ አይዛነፍበትም።

ያን ቀን ታላቅ ወንድሜ ታምሪን አብሮኝ ነበር። መረቦቹን ዘረጋንና ተለያየን። እሱ ወደ ወንዙ፣ እኔ ወደ ኮረብታው።

በእኛ ዘንድ ጫካ ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም። በፉጨት ነው የምንጠራራው። ስምህን ጫካው ከሰማ ይይዝሃል ይላሉ።

የአሮጊቶች ወሬ!

ድንገት መረቤ ተርገበገበ። ጥቁር ወፍ... ጅራቱ እንደ መቀስ የተከፈለ። የሰማውን ድምፅ መልሶ የሚያሰማው ዓይነት ነው። የዚህኛው ዓይን ግን ነጭ ነበር። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ማንም አላየም!

በደስታ ራሴን ረሳሁ።

«ታምሪን! ታምሪን፣ ና እይ!»

ጫካው... ጸጥ አለ። የፌንጣው ሲርሲርታ እንኳ ተቋረጠ።

ወፉን ከመረቡ ሳላቅቀው አልተወራጨም። አልነከሰኝም። አፌን ብቻ ያያል።

በጨርቅ ከረጢት ከተትኩት። ጥቂት እንደ ተራመድኩ ከከረጢቱ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ።

የኔ ድምፅ።

«ታምሪን... ተነስ! በአላህ ተነስ! ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?»

እያለቀሰ።

ይህ ወፍ የሰማውን ብቻ ነው የሚመልሰው። እኔ ደግሞ እንዲህ ብዬ አላውቅም...

ገና።

ወደ ወንዙ በረርኩ። ታምሪን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሳጎ ዘንባባ ቂጣውን በደረቅ ዓሣ ይገምጣል።

«ምነው ፕሮፌሰሯ? ጂን አባረረሽ?»

«ተነስ፣ እንሂድ።»

«መረቡስ?»

«ይቅር!»

ሳቁ ጠፋ። «አንቺ? መረብ ጥለሽ? ምን አየሽ?»

«ዝም ብለህ ና» አልኩት በሹክሹክታ።

ከረጢቱን ፈታሁ። ስሜን ሊያስጠራልኝ የነበረውን ወፍ... በገዛ እጄ ለቀቅኩት። ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ጀልባችን ላይ ወጣን። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቷል። መንደራችን ከሩቅ መታየት ሲጀምር ታምሪን አዛጋ።

«መሪውን ያዢልኝ፤ ትንሽ ጋደም ልበል።»

«አትተኛ!»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል?»

ፈገግ ብሎ ጋደም አለ። ክንዱን ዓይኑ ላይ ጣለ።

ደረስን። ሞተሩን አጠፋሁ። እናታችን ውኃው ዳር ቆማ እጇን ታወዛውዛለች።

በእግሬ ነካ አደረግኩት።

አልተንቀሳቀሰም።

እንደገና ነካሁት...

አፌን ልከፍት ቀና አልኩ።

የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ጥቁሩ ወፍ ተቀምጧል። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በነጭ ዓይኑ አፌን እያየ... ይጠብቃል።