አሥረኛው እርምጃ ላይ የሚቆም ሰው

ሻምፒዮኑ የተገኘው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነው። ቀኝ እጁ ከማውሱ አጠገብ ተዘርግቷል፤ መነጽሩ ከአፍንጫው ወርዶ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። የኮምፒውተሩ ስክሪን ጠፍቶ ነበር። የመጣው ፖሊስ ማውሱን ነካ ሲያደርገው ግን በራና የሟቹ የቼዝ ገጽ ወጣ፤ «ዛሬ፦ አራት ጨዋታ፣ አራት ድል። የመጨረሻው፦ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአርባ።» አስከሬኑ የተገኘው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለነበር ነገሩ ለሁሉም ግልጽ መሰለ። ሰውዬው አሸንፎ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይቆይ ሞቷል።

ግልጽ የሆነ ነገር ግን መርማሪዋን አያስደስታትም። ሃምሳውን ያለፈች፣ ወፈር ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ቼዝ አትችልም፤ ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል እንኳ አታውቅም። የምታውቀው ሰው እውነቱን እየተናገረ የማይታመንበትን ፊት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በሥራው ላይ ያቆያትም ይኸው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አለቃዋ አስጠራት።

«ምርመራ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም» አለ፣ ወረቀቱን እየገፋላት። «ሰውዬው የሞተው የልብ መድኃኒቱ በዝቶበት ነው ብሏል ሐኪሙ። ያን ያህል የወሰደ ሰው ግማሽ ሰዓት አይቆይም። የመድኃኒቱን ጠብታ የምትሰጠው ልጁ ናት፤ ሥራዋም ፋርማሲ ነው። ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ሰውዬው ደግሞ እስከ አሥር ከአርባ ሲጫወት ነበር። ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት ስንት ነው አለ?»

«ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ባለው ውስጥ። ጨዋታው ነው ያጠበበልን።»

«እስከ ማታ ይስጡኝ።»

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ክሱ ይጻፋል።»

ቤቱ ጠባብ ኮሪደር አለው፤ መጨረሻው ላይ የሟቹ ክፍል ነው። በሩ ላይ ሚስማር ተመትቶ «ጨዋታ ላይ ነኝ» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ያን ካርቶን የሚያወርደው ሰው ሞቷል፤ ሌላው ደግሞ ለመንካት ፈርቷል። ልጅቷ ሳሎን ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጣ ነበር።

«ስመጣ ካርቶኑ ተሰቅሎ ነበር» አለች። «ከተሰቀለ አይገባም። ልጅ ሆኜ እጄን ቆርጬ ደሜ እየፈሰሰ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ ጠብቄዋለሁ።»

«ትናንትስ፣ ልጄ?»

«ጫማዬን አውልቄ በጣቴ ስራመድ ቆየሁ። አሥራ አንድ ሲሆን መድኃኒቱን ላዘጋጅ ብዬ ከማድ ቤቱ መደርደሪያ ጠርሙሱን ሳነሳው ባዶ ነው። ጠዋት ግማሽ ነበር። ያኔ በሩን ከፈትኩት።»

«ከትናንት በስቲያ ተጨቃጭቃችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ። በቃህ አልኩት። በዝግታ በሚጫወቱት ቼዝ አሥራ ሁለት ዓመት ሻምፒዮን የነበረ ሰው፣ በዚህ ብሊትዝ በሚሉት የሦስት ደቂቃ ፈጣን ጨዋታ ስሙ በማይታወቅ ሁሉ ይሸነፋል። ነጥቡ በወረደ ቁጥር የደም ግፊቱ ይወጣል። አሠልጣኝ ቀጠረ፤ በስድስት ሳምንት ጭራሽ መቶ ሃያ ነጥብ ወረደ።» ቀና ብላ አየቻት። «እኔን ሊያስሩኝ ነው አይደል?»

መርማሪዋ መዋሸት አልፈለገችም። «አዎ፣ ሌላ ነገር ካላገኘሁ ማታ ትታሰሪያለሽ» አለቻት።

የሟቹ ክፍል ግድግዳ ላይ አሠልጣኙ በእጁ የጻፈው ሕግ ተለጥፏል። ከመጀመርህ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ በሎሚ፣ በአንድ ትንፋሽ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ፣ ሌላ ሳትጀምር፣ ለምን እንዳሸነፍህ ወይም እንደተሸነፍህ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጻፍ። ለአንድ እርምጃ ከአሥር ሰከንድ በላይ አታስብ። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ያሰበበትን ጭንቅላት አታስብ ብሎታል ማለት ነው።

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሷም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አንድም ሳትዘል አነበበችው። የትናንቱ ገጽ ላይ ቀኑ ብቻ ተጽፏል። የመጨረሻውን ገጽ ስትገልጥ፣ ደብተሩ ተገልብጦ የተጻፈ የደብዳቤ ረቂቅ አገኘች። አንብባ ስትጨርስ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ የሄደችው ከልጅቷ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ወዳለው ብቸኛ ሰው፣ ወደ ሟቹ የድሮ ጓደኛ ነው። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ በፈረስ ማሸነፍ ስለሚወድ ሰፈሩ ሁሉ «ፈረሱ» ይለዋል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ተኳርፈን ነበር» አለ ሳትጠይቀው። «ሦስት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። ኦንላይን ግን በየቀኑ እንጫወታለን። ኩርፊያ ሌላ፣ ጨዋታ ሌላ።»

«ትናንትስ?»

«ሦስተኛው ጨዋታ ከእኔ ጋር ነበር። ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም። እንደ ሕፃን ልጅ ነው የገረፈኝ።»

«ይህን ያህል ተገረሙ?»

«እንዴት አልገረም? እሱ እኮ አሥረኛው እርምጃ ላይ ይቆማል። በቃሉ ያጠናው የጨዋታ መክፈቻ የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ የራሱን ማሰብ ሲጀምር አርባ ሰከንድ ይፈዛል። በሦስት ደቂቃ ጨዋታ አርባ ሰከንድ ማለት መቃብር ነው። እኔ ሻይ የምቀዳው እሱ ሲቆም ነበር። ትናንት ሻይ ሳልቀዳ ተሸነፍኩ።»

መርማሪዋ ወንበሯን አስጠጋች። «የእያንዳንዱ እርምጃ ጊዜ ይመዘገባል?»

«በሰከንድ።»

«እንግዲያው ያሳዩኝ። ሁሉንም።»

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሞተውን ሰው አሥረኛ እርምጃዎች ሲቆጥሩ ዋሉ። ፈረሱ ያነብባል፤ እሷ ትጽፋለች። የመጨረሻዎቹ አራት ላይ ሲደርሱ የፈረሱ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። የገባው ያኔ ነው፤ መርማሪዋም ዝም እንዲል በዓይኗ ነገረችው።

አሠልጣኙን በሚያስተምርበት የቼዝ ክበብ ውስጥ አገኘችው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ በሁለቱም እጁ ሰዓት አስሯል። ለብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝነት መወዳደሩን ሳትቀመጥ ነገራት።

«ቤቱ የነበርኩት ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከሩብ ነው። ስወጣ ካርቶኑን እየሰቀለ ነበር። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ እዚህ አስተማርኩ። አሥራ አንድ ተማሪዎች ምስክሮቼ ናቸው።»

«ሙሉውን ሰዓት ያስተምራሉ?»

«አሥር ሰዓት ላይ ጥያቄ በወረቀት እሰጣቸዋለሁ። እነሱ ሲሠሩ እኔ ከፊት ተቀምጬ በላፕቶፔ የሚቀጥለውን ትምህርት አዘጋጃለሁ።» ከዚያ ፊቱ በራ። «ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ አራቱን ጨዋታዎች አይተዋቸዋል? ዘዴዬ ፍሬ ማፍራት የጀመረው ትናንት ነው። ይህን በምርመራዎ ላይ ቢጽፉት ደስ ይለኛል።»

«እጽፈዋለሁ» አለች መርማሪዋ። ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብላ አየር ሳበች። በሥራዋ ብዙ ክፉ ሰው አይታለች፤ ይህን ያህል ያስፈራት ግን አልነበረም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሁሉንም ሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ መስኮቱ ሥር፣ ፈረሱ አጠገቧ፣ አሠልጣኙ ግድግዳውን ተደግፎ። አለቃው ያልተጻፈውን የክስ ቅጽ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የሟቹን ወንበር ማንም አልደፈረውም።

«ከደብተሩ ልጀምር» አለች። «በስድስት ሳምንት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ ተጫውቷል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ጽፏል። ትናንት ግን አራት ጨዋታ አለ፣ መስመር የለም።»

«ሲያሸንፍ ተደስቶ ረስቶት ይሆናል» አለ አሠልጣኙ።

«ሲያሸንፍም ይጽፍ ነበር። ወደ አሥረኛው እርምጃ እንሂድ። ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት እዚያ ላይ በአማካይ አርባ ሰከንድ ይቆም ነበር። ባለፈው ሳምንት አርባ ሁለት። ትናንት፦ ሦስት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ ሁለት።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ስድስት ሳምንት ሙሉ ያልተሻለው ሰው ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ በአንዴ ተሻለ። እኔ እንደማስበው የተሻለው ከሞተ በኋላ ነው።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«በሌላ ሰው እጅ ነው የተጫወተው» ቀጠለች መርማሪዋ። «ጨዋታውን ሌላ ሰው ከተጫወተው፣ ሟቹ እስከ አሥር ከአርባ በሕይወት ነበር የሚያሰኝ ነገር የለንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይም ሞቶ ሊሆን ይችላል። ማን ተጫወተ? ልጁ ቼዝ አትችልም፤ እነዚያን አራት ሰዎች ማሸነፍ አይታሰብም። ርዕሰ መምህሩ ይችላሉ፤ ግን ያን አርባ ሰከንድ ከማንም በላይ ያውቁታል። እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ አሥረኛው ላይ ሻይ እስኪቀዱ ይቆሙ ነበር።»

«እኔም አውቀዋለሁ» አለ አሠልጣኙ። «የማስተምረው እኔ ነኝ።»

«ታውቀዋለህ። ጨዋታውን እንድትከታተል የሰጠህ የይለፍ ቃሉም አለህ።» አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። «ደብተሩ መጨረሻ ላይ ለቼዝ ፌዴሬሽኑ የተጻፈ ረቂቅ አለ። ‹ይህ ዘዴ ተጫዋች ያበላሻል፤ ለብሔራዊ ቡድን አልመክረውም። ለራሱም ዛሬ ሲመጣ እነግረዋለሁ› ይላል። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ነገረህ። አንተም እሺ ብለህ፣ እንደ ልማድህ ውሃውን ልታመጣለት ማድ ቤት ገባህ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ነበር። ሎሚው ምሬቱን ሸፈነው፤ እሱም ሕግህን አክብሮ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ነፍሱ እስክትወጣ ጠብቀህ፣ ካርቶኑን ሰቅለህ ወጣህ። ቤተሰቡ ካርቶን ካለ በር እንደማይከፍት ታውቃለህ።»

«አሥራ አንድ ሰው አይቶኛል።»

«ከተማሪዎችህ መሃል ከፊት ወንበር የምትቀመጠው የጥርስ ሐኪም ምን አለችኝ መሰለህ? ‹የማውሱ ጠቅጠቅታ ጥያቄውን እንዳልሠራ ረበሸኝ› አለች። ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው እንደዚያ አይጫንም። ላፕቶፕህን ከሰዓት በኋላ ወስደነዋል፤ አራቱም ጨዋታ የተካሄደው ከዚያ ላይ ሆኖ ተገኝቷል።»

አለቃው ቅጹን ከበሩ መቃን ላይ አስደግፎ መጻፍ ጀመረ፤ የጻፈው ስም ግን የልጅቷ አልነበረም። ሁለቱ ፖሊሶችም ከእሷ አጠገብ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ፈረሱ የልጅቷን እጅ ያዘ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች መርማሪዋ። «አንዱን ጨዋታ እንኳ አርባ ሰከንድ ቆመህ ብትሸነፍ ኖሮ ዛሬ ይህች ልጅ ታስራ ታድር ነበር። ለምን አልተሸነፍክም?»

አሠልጣኙ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት መሬት አየ።

«ሞክሬ ነበር» አለ። «ሁለተኛው ላይ እጄን ከማውሱ አንሥቼ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ላይ ስደርስ አላስቻለኝም። ማሸነፊያው ወለል ብሎ እየታየኝ እንዴት ልተወው?»

ልጅቷ ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። አልጮኸችም።

«አባቴ ሁልጊዜ ይሸነፍ ነበር» አለችው። «ተሸንፎ፣ ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከዚያ ወጥቶ ከእኔ ጋር ራቱን ይበላ ነበር።»